ጭልፋዋና ጾመኞቹ

በጆሃንስበርግ ከተማ፣ ጄፒ በሚሉት ሰፈር፣ ከላይ እስከ ታች የሐበሻ ሱቅ በሞላው ፎቅ ውስጥ አንድ ማእድ ቤት ነበረ። መሶብ፣ ድስት፣ ጀበና፣ ጀሪካንና ጭልፋ ተስማምተው ይኖሩበት ነበር።

ሰኔ ገባ። አገር ቤት ዝናቡ ሲጀምር እዚያ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ደረቅ ብርድ ይነሣል። የሐዋርያት ጾም ነበርና «እስከ ሐምሌ 5 አጥብቀን እንጹም» ተባባሉ። ደግ ነገር አሰቡ።

መጀመሪያ ድስት ሥጋና ቅቤ ተወ፤ ሥርዓቱ ነውና ሁሉም አመሰገኑት። ጀበና ምስጋናውን ሰምታ «እኔ በረካውን ትቻለሁ» አለች። በማግስቱ ቶናውን፣ በሦስተኛው ቀን አቦሉን ተወች። ጀሪካን «ከጀበና አላንስም» ብሎ ውኃ መስጠት አቆመ። መሶብ ዝም ብሎ ሰነበተና አንድ ማለዳ ክዳኑን ጥርቅም አደረገ። «የእኔ ጾም አለመከፈት ነው» አለ። በሆዱ ሃያ እንጀራ ነበረ። ሳምንት ሳይሞላው ሻገተ፤ ሽታው በስፌቱ ሲወጣ እነ ድስት «የጾም መዓዛ ነው» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

በመጨረሻ በሩ ተነሣ። በ2000 ዓ.ም. ግንቦት፣ ስደተኛ በየመንደሩ ሲደበደብና ሲቃጠል፣ ማንነቱን ሳይጠይቅ ለሸሸ ሁሉ የተከፈተው ያ በር ነው። «እኔም ከእንግዳ ጾሜያለሁ» ብሎ ተቀረቀረ።

ጭልፋ ብቻ ሥራዋን አልተወችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከድስቱ ምስር ወጥ እየጨለፈች በመስኮት ለተራበ ታቀብላለች።

«አፏ ከወጥ ተለይቶ አያውቅም፤ ጾም ሽራለች!» ብለው ከሰሷት። ሸንጎ ተቀምጠው ሆዷን ይመረምሩ ዘንድ ገለበጧት። ጠብታ አልወጣትም። ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ መካከል ውላ ለራሷ አንዲት ጉርሻ አላስቀረችም። መሶብ ግን «መደበቂያ ቢኖራት ነው» አለ። በመስኮት ወረወሯት።

ከፎቁ ሥር፣ ሰፈሩ ጎጎ የሚላቸው አሮጊት ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ቦሎቄ ይሸጣሉ። ጭልፋዋን አንሥተው አጠቧት። ከሆሳዕና ተነሥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጦ የደረሰ አንድ ልጅ፣ የወገን ቤት ነው ብሎ ያን በር ሲያንኳኳ አድሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ብሎታል። ጎጎ ቋንቋውን አያውቁም። በጭልፋዋ ቦሎቄውን ጨልፈው በፓፑ ላይ አፈሰሱለትና ሣህኑን ጭኑ ላይ አኖሩለት። ገንዘብ አልጠየቁም። ያዩ ሌሎች ችግረኞችም ቀረቡ።

ጾመኞቹ በመስኮት አዩ። ሰዓቱ ገና አምስት ነው።

«ልጁ ከሰዓት በፊት በላ!» ብለው የአርባ ቀን ቀኖና ወሰኑበት። ሊነግሩት በሩን «ክፈት» ቢሉት፣ በሩ «ጾም ላይ ነኝ» አለ። በመስኮት ተጣሩ። ታች ግን ሰልፉ ረዝሞ ነበርና ጭልፋዋ ፋታ አልነበራትም።