ውዳሴ ግምት

የነዳጅ ፓምፕ፣ ማለትም ቤንዚንን ከታንኩ ስቦ በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው መሣሪያ፣ በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ የሚኖር በመሆኑ ዐይን አያየውም፤ ዐይን የማያየው ዕቃ ደግሞ እንክብካቤ እንደማያሻው በአዲስ አበባ አሽከርካሪዎችና በየሰፈሩ ጋራዥ ዘንድ የተረጋገጠ ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ሁለት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፓምፑን ለሞት የማብቃት ጥበብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሞቱ ከተሰማ በኋላ ገዳዩን ሳይመረምሩ ወራሹን የመሾም ጥበብ ነው፤ ሁለቱም የሚያርፉት ግምት በተባለው ጽኑ መሠረት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ብዙ ድካም አይጠይቅም። ፓምፑን የሚያሽከረክረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውስጡና በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነ፣ ታንኩን ዘወትር ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መንዳት ሞተሩን ለማጋልና ዕድሜውን ለማሳጠር ይበቃል። የማደያው ሰልፍ ቀን በሚያስውልበት ሰሞን ታንክ መሙላት በአሽከርካሪው ፈቃድ ብቻ እንደማይወሰን አይካድም፤ የሚደነቀው ግን ሰልፍ በሌለበት ሰሞንም ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጅ ማስጠንቀቂያው መብራት ሳይበራ ወደ ማደያ መጠጋት እንደ ብክነት መቆጠሩ ነው። ቤንዚኑ ከነጭራሹ ያለቀ እንደሆነም በመንገድ ዳር በሃይላንድ፣ ማለትም በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ፣ የሚሸጥ ይገኛል፤ እርሱም ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገላበጥ ያጠራቀመውን ውሃና ደለል ይዞ ስለሚገባ፣ በፓምፑ አፍ ላይ ያለችው ስስ ወንፊትና ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ፊልትሮ፣ ማለትም ቆሻሻ የሚያስቀረው ማጣሪያ፣ ሥራ ፈትተው አይውሉም። ፊልትሮው ሲደፈን ፓምፑ ያንኑ ቤንዚን ለመግፋት የበለጠ ይታገላል፣ የበለጠም ይግላል። ይሁን እንጂ ፊልትሮ ከፓምፕ እጅግ የረከሰ ዕቃ በመሆኑ በወቅቱ ለመለወጥ የሚያበቃ ክብር የለውም።

ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ መኪናው አንድ ቀን ዳገት ላይ ይቆማል፤ የጥበቡ ሊቃውንትም በመጀመሪያ የሚያዙለት መድኃኒት ጥፊ ነው። ከመኪናው ሥር ተገብቶ ታንኩ በጫማ ተረከዝ ወይም በመዶሻ እጀታ ይደበደባል፤ እጅግ የሚያስደንቀውም መኪናው አልፎ አልፎ በእርግጥ መነሣቱ ነው። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ወደሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያሻግሩት፣ ብሩሽ የሚባሉት የካርቦን ቁርጥራጮች ሲያልቁ በደንብ መነካካት ያቆማሉ፣ ምቱ ሲያነቃንቃቸውም ለጥቂት ጊዜ ይገጥማሉ። እንግዲህ በጥፊ የተነሣ መኪና ፓምፑ እያለቀለት መሆኑን በገዛ አፉ እየመሰከረ ነው፤ በግምት ጥበብ ግን ምስክርነቱ ተገልብጦ «ዳነ» ተብሎ ይተረጎማል። ባለቤቱም ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ይጓዛል፤ የጫማው ተረከዝ አብሮት እስካለ ድረስ ምን ያሰጋዋል?

ጥፊ ያልፈወሰው መኪና ወደ ሁለተኛው ክፍል ይሸጋገራል። እዚህ ላይ ጋራዡ ከሚያደርገው ይልቅ የማያደርገውን መናገር ይሻላል፣ የጥበቡ ምጥቀት የሚገለጠው በመታቀቡ ነውና። ቁልፉ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ሳይዞር የዳሽቦርዱ መብራት እስኪበራ ድረስ ብቻ ቢከፈት፣ በአብዛኞቹ የኢንጀክሽን መኪኖች፣ ማለትም ቤንዚን በግፊት በሚረጭባቸው መኪኖች፣ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል «እዝዝ» ሲል ይሰማል። ዝም ካለ ፊውዙና ሪሌው ይታያሉ፤ ሪሌ በትንሽ ጅረት ታዝዞ ለፓምፑ ትልቁን ጅረት የሚከፍት ማብሪያ ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች ከጡሩምባው ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይሮ ለመሞከር ከደቂቃዎች በላይ አይፈጅም። ቀጥሎ የባትሪው ቮልት ፓምፑ ሶኬት ድረስ መድረሱ በቴስተር ይለካል፣ ከቦዲው ጋር የታሰረ ኔጋቲቭ ሽቦ ሲዝግ ጤነኛውን ፓምፕ በሽተኛ ያስመስለዋልና። ድምፁ ካለ ደግሞ በነዳጁ መስመር ላይ የግፊት ጌጅ ይገጠምና ንባቡ አምራቹ ካዘዘው ልክ ጋር ይነጻጸራል፤ ይህም በብዙዎቹ ከ2.5 እስከ 4 ባር ባለው መካከል ነው።

ይህ ሁሉ ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ ነውሩም እዚህ ላይ ነው። በአጭር ጊዜ ተጠናቆ አንዲት ሪሌ ብቻ ያስለወጠ ምርመራ ለባለጋራዡ ስንት ያስገኝለታል? ደንበኛውስ ቢሆን የመኪናው ሆድ ተከፍቶ ካላየ ተሠራልኝ ብሎ በደስታ ይከፍላልን? የመለካት ድካም ዋጋ በሌለበት፣ የተለወጠ ዕቃ ብቻ በሚከፈልበት ገበያ ጌጅ መግዛት ቂልነት ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ፓምፑ ይለወጣል፤ ካልሆነ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይለወጣል፤ ካልሆነ ቤንዚን የሚረጨው ኖዝል ይታጠባል፤ ካልሆነ ቤንዚኑ ይታማል፤ ሪሌው ሌላ ነገር ሲፈለግ በአጋጣሚ ይገኛል።

ጥበቡ እንዲህ ከመምጠቁ በፊት፣ በሰማያዊዎቹ ላዳ ታክሲዎች ዘመን፣ ፓምፑ ከሞተሩ ጎን በግልጽ የተገጠመ፣ ዲያፍራም የተባለ ልስልስ ሽፋን ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ ቤንዚን የሚስብበት ሜካኒካል መሣሪያ ነበረ። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥና የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ በሞተሩ ሙቀት እዚያው ፓምፑ ውስጥ ወደ ተን ሲለወጥ መኪናው ይቆም ነበር፤ ሾፌሩም እርጥብ ጨርቅ ደርቦበት ተኑ ተመልሶ ፈሳሽ እስኪሆን ይጠብቅ ነበር። ያ ጨርቅ ከበሽታው ምክንያት ጋር በቀጥታ የተገናኘ በመሆኑ በዚህ ውዳሴ ውስጥ ቦታ የለውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ አገር ውስጥ ያሉት እያረጁ መሄዳቸው አይቀርምና ለጥበቡ የተዘረጋው መስክ ሰፊ ነው። ለዚህም ቢሆን የዕቃ እጥረት አያሰጋም። ተፈትቶ የወጣው ፓምፕ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ የለካው ስለሌለ አይጣልም፤ በቤንዚን ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና «ከመኪና የወረደ ኦሪጅናል» በሚል ማዕረግ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይገጠማል፤ የእርሱም መኪና ችግር ሪሌ ካልሆነ በስተቀር ይነሣለት ይሆናል።