ጠፋህ እኮ!

እ.ኤ.አ. በ1975 የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፊዚሲስት ጃክ ሄዘሪንግተን ብቻውን የሠራውን ጥናት «እኛ» እያለ ጽፎ ጨረሰ። አንድ ሰው ለብቻው «እኛ» ካለ ግን መጽሔቱ እንደሚመልስበት ባልደረባው ነገረው። ሰውዬው ሁሉንም በታይፕ እንደ አዲስ ከመምታት ድመቱን ቼስተርን «ኤፍ. ዲ. ሲ. ዊላርድ» ብሎ ተባባሪ ጸሐፊ አደረገው። ጥናቱም ታተመ።

ድመቱ ቢያንስ «መጠይቅ ሙላልኝ» አላለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ማስተርሱን የሚሠራ ሰው የድሮ ወዳጅነቱን የሚያድሰው የመመረቂያ ጽሑፉ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ነው። ለዓመታት ድምፁ ጠፍቶ የከረመ የዶርም ጓደኛ ድንገት በቴሌግራም ብቅ ይላል። «ሰላም ነው? ጠፋህ እኮ! ልጆች እንዴት ናቸው?» ልጅ የሚባል ነገር እንደሌለ ሳይነገረው የመጠይቁ ሊንክ ይከተላል፤ «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው።»

ተቀባዩ ይሉኝታ ይዞት ለቢሮው ሰው ያዳርሳል። ከሻይ ሰዓት በኋላ አንዱ ለራሱ፣ ለጸሐፊዋና ፈቃድ ላይ ላለው ሒሳብ ሹም ጭምር ይሞላል። ምልክቱ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። «አለቃዬ ሐሳቤን ያከብራል» የሚለውም አይቀርለትም፤ አለቃው ከጀርባው ቆመዋላ!

በዲፌንሱ ዕለት የሠራተኛው እርካታ «ከፍተኛ» መሆኑ በሰንጠረዥ ይቀርባል። በምስጋናው ገጽ ፈጣሪ፣ አማካሪውና ቤተሰብ በየተራ ይወደሳሉ፤ ሊንኩን ያዳረሰለት የዶርም ጓደኛው «ውድ መላሾች» ውስጥ ይጠቃለላል። እርካታቸው ከፍተኛ ከሆነ ሠራተኞች አንዱ በዚያው ሰሞን የሥራ መልቀቂያውን ያስገባል።