ማሻ በሐምሌ

በሐምሌ ማሻ እሄዳለሁ ያለ ሰው፣ ጤንነቱን የሚጠራጠር ዘመድ አያጣም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ በሸካ ደን መሐል ነው የተቀመጠችው። ዝናቧ ክረምት ገባ ብሎ የሚጀምር፣ መስቀል ደረሰ ብሎ የሚያቆም ዓይነት አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ፈቃዱ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ደኑን በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግበው ዝናቡንም አብሮ የመዘገበው ይመስለኛል፤ ያለ እሱ ደኑም የለማ።

ሐምሌን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ናት። የምታጠናው እንቁራሪት ነው፤ ረዳቷ ስለታመመባት ባትሪ የሚይዝላት ሰው ፈለገች፣ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እምቢ የምልበት ምክንያት አለቀብኝ።

«በጥር ብንሄድ ምናለበት?» አልኳት።

«በጥር ማን ያናግረናል፣ ጋሼ?»

እውነቷን ነው። እንቁራሪት በከፊል የምትተነፍሰው በቆዳዋ ስለሆነ እርጥበት ካጣች ተደብቃ ትቀራለች። አብዛኛው ወንድ እንቁራሪትም ሚስት የሚጠራው ዝናብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው ቤቱ ሲገባ እነዚህ ተመራማሪዎች ቦቲያቸውን አጥልቀው ይወጣሉ። ከልጅቷ ጋር በሰነበትኩበት ጊዜ ፊቷ የሚጠቁረው ሰማዩ ሲጠራ ብቻ ነበር።

በመቱና በጎሬ አድርገን፣ ባሮን ተሻግረን ገባን። ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም፤ ጭቃው ላይ መኪናችን ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን መሄድ ይቀናው ነበር።

የትብብር ደብዳቤያችን በኪሴ ነበር። የዝናብ ልብስ ኪስ ዝናብ እንደሚያስገባ ያወቅኩት ፈቃድ የሚሰጡን ሹም ፊት ስዘረጋው ነው። ጽሑፉ ሄዷል፤ ማህተሙ ግን ተንሰራፍቶ ገጹን በሙሉ ሰማያዊ አድርጎታል። ሰውዬው አገላብጠው አዩትና «ማህተሙስ በቂ ነው» አሉ። «ግን የምትፈልጉት ምንድን ነው?»

«እንቁራሪት» አለች ልጅቷ።

ክፍሉ ዝም አለ። በመንገድ መሪነት የተሰጡን አዛውንት ንብ አናቢ ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። «ልጄ፣ ወርቅ ከሆነ ዲማ ሂዱ። እዚህ ማር ነው ያለው።»

ልጅቷ ነገሩን አስረዳለሁ ብላ አባባሰችው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳንድራ ጉት የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር፣ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ከቢቢታ ተራራ ደን ለሳይንስ አዲስ የሆነች እንቁራሪት ማሳወቋን ነገረቻቸው። ወንዱ 17 ሚሊ ሜትር፣ ሴቷ 20 ሚሊ ሜትር ግድም ናት፤ ጣቶቿ ረጃጅም፣ የጆሮዋ ታምቡር ከውጭ የማይታይ። የቅርብ ዘመዷ ያለችው ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ማዶ፣ ቦሬ ደን ውስጥ ነው። «ቢቢታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ማሻስ?» አለች። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። «ቀለሟ ደግሞ ወርቃማ ነው» ብላ ጨመረች።

«አላልኩም?» አሉ መሪያችን ወደ ሹሙ ዞረው።

በማግስቱ ቁርስ የበላንበት ቤት አስተናጋጅ፣ ግራሙ ስንት እንደገባ ጠየቀኝ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። መሪያችን ላስቲክ ደርበው ገጀራ ይዘዋል። ለእኔ ጨለማ የሆነው ጫካ ለእሳቸው ከአባታቸው የወረሱት ኮቦ፣ ማለትም የቀፎ መስቀያ ደናቸው ነው፤ የትኛው ዛፍ ላይ የማን ቀፎ እንደተሰቀለ ባትሪ ሳያበሩ ይነግሩን ነበር። «እዚህ ጋ ዝቅ በሉ» ሲሉ ዝቅ ያላልኩ እኔ ነኝ፤ ኮፍያዬ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ቀረ።

ችግሩ የመጣው ከጠበቅነው ዝናብ ነው። እንቁራሪቶቹን ጠርቶ ያወጣቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ቅጠሉ ላይ እየደበደበ ድምፃቸውን ይውጠዋል። መቅረጫው የሚሰማው ዝናብ ብቻ ሆነ። ልጅቷ ማይክራፎኑን በጃንጥላ ሸፍና ራሷ እየተደበደበች ቆመች። የምትፈልገው ዝናቡ ካባራ በኋላ እንቁራሪቶቹ ሳይበርዳቸው የሚዘምሩበትን አጭር ጊዜ ነው።

አባራም። ከወንዙ ዳር አንዱ ጀመረ፣ ሌላው መለሰለት። ልጅቷ እጇን አንስታ «እንዳትንቀሳቀስ» የሚል ምልክት ሰጠችኝ። አልተንቀሳቀስኩም፤ የቆምኩት ግን የጉንዳን መንገድ ላይ ነበር። ጉንዳን በሥርዓት የሚሠራ ፍጡር ነው፤ ቦቲው ውስጥ ገብቶ፣ ጉልበት አልፎ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሳይዝ አይነክስም። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ ለእድሜዬ አይመጥንም። ሱሪዬን ያወለቅኩት በመሪያችን ምክር ነው፤ በገጀራው ጀርባ እየጠረጉ «ይሄ እንኳ ትንሹ ነው» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር።

በዚያ ሌሊት ጥርት ብሎ የተቀረጸው ድምፅ የእኔ ነው። ልጅቷ ፋይሉን አላጠፋችውም፤ በቤተሰብ ግብዣ ላይ ታሰማዋለች።

በስብሰን መሪያችን ቤት ገባን። ባለቤታቸው እሳት አቀጣጥለው ቆጮና ጎመን አቀረቡልን፣ ቡናም ተፈላ። ሁለተኛውን ስኒ ሳነሳ ልጅቷ ተነሥታ በጓሮው በር ወጣች፤ ተከተልናት። እንሰቱ ውስጥ ናት። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት፣ ውኃ የሚጠራቀምበት ስንጥቅ ላይ፣ ባትሪው ሲያርፍባት ዓይኗን እንኳ ያላርገበገበች ትንሽ እንቁራሪት።

በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ አንዲት እንቁራሪት አለች፤ ማልኮልም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሰይማት ስሟን ከእንሰት ነው የወሰደላት። ልጅቷ «እሷ ሳትሆን አትቀርም፣ ግን መረጋገጥ አለበት» አለች። የሳይንስ ሰው ደስታውን እንኳ በ«ግን» ነው የሚገልጸው።

«ይቺን ነው እንዴ ጫካ ለጫካ ስትፈልጉ ያመሻችሁት?» አሉ ባለቤታቸው። «ይቺማ ጓሯችንን ሞልታው የለ! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ትነሳናለች። ሁሉንም ልቀሙና ውሰዱልኝ።»

ልጅቷ ለካች፣ መዘነች፣ ከጀርባም ከሆድም ፎቶ አነሳች፣ ቆዳዋን በጥጥ ጠረገች። ከዚያ ወደ እንሰቱ ሄዳ እዚያው ስንጥቅ ላይ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ትመልሻታለሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ከአዲስ አበባ ድረስ ለዚህ ነው የመጣሽው?»

መሪያችን የባለቤታቸውን ክንድ ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተያቸው አንቺ» አሉ። «ዋናውን መቼ አሳዩን።»