ሦስተኛው ላይ ይገባዎታል

ሆሳዕና፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ የሱዛን ኮሊንስን «ሀንገር ጌምስ» ከነተከታዮቹ በቴሌግራም ላከችልኝ። የመጀመሪያው እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለተኛው መሐል ላይ ሲታክተኝ ደወልኩላት። «ጋሼ፣ ይቀጥሉ እንጂ! ሦስተኛው ላይ ይገባዎታል።»

ይህችን ነገር የማያውቃት አንባቢ የለም። «ዴርቶጋዳ»ን ጨርሰን «ራማቶሓራ»ን፣ ከዚያም «ዣንቶዣራ»ን ስናሳድድም ሰምተናታል። ሁልጊዜ የሚገባን የሚቀጥለው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ሆድ ነበር። አባቷን የከሰል ማዕድን የበላባት ልጅ እናቷንና እህቷን ለማብላት አጥር ሾልካ ታድናለች። መንግሥት ለአንድ ሰው የዓመት እህልና ዘይት ቆንጥሮ ይሰጣል፤ በምትኩ ልጆች ለሞት በሚመረጡበት ዕጣ ውስጥ የወሰደው ልጅ ስም አንድ ጊዜ ይጨመራል። አስራ አንደኛው ወረዳ ደግሞ አገሩን የሚቀልብ ገበሬ ሆኖ ራሱ ይራባል።

እኛም ሻሾጎ ወረዳ ነን፤ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ምነው አንድ ሰው እንሰት ቢተክል? እህል የሚሰፍር መንግሥት እንሰትን ምን ያደርገዋል? አውድማ የለው፣ ጎተራ የለው፤ ጓሮ ውስጥ ዓመታት ቆሞ ይጠብቃል። ተፍቆ በገዛ ቅጠሉ ተሸፍኖ ጉድጓድ ከገባማ ማን ይቆጥረዋል? በ1977ቱ ድርቅ የእንሰት አገር በአንጻሩ የተረፈው በዚሁ ነው። መጽሐፉ ውስጥ እንሰት ቢኖር ሴቶቹ ለፍቀት ሲሰበሰቡ እዚያው አመፅ ይመክራሉ። ወታደሮቹ የቆጮውን ሽታ ተከትለው ቢመጡ እንኳ፣ ቅቤ የጠጣ አተካና ቀርቦላቸው ሳይበሉ የሚሄዱ አይመስለኝም። ችግሩ ችግኙ እስኪደርስ ነው፤ እስከዚያ በምን ይቆዩ? በቆሎ መሐል መሐሉን... ብቻ ሁለተኛውን መጽሐፍ የጨረስኩት ጓሮ ስከፋፍል ነው።

ሦስተኛው ደረሰ። ጠፋ የተባለው አስራ ሦስተኛው ወረዳ ለካ ከመሬት በታች ይኖራል። የየሰዉ የቀን ውሎ በየማለዳው ክንዱ ላይ በሐምራዊ ቀለም ይታተማል፤ ምግብ በልክ ይሰፈራል፤ ልጅቷን ካሜራ ይከተላታል። ቀረጻ፣ አሁንም ቀረጻ! እዚህ ላይ በእውነት ተናደድኩ። በርሀብ ጠርተውን የፖለቲከኛ ቪዲዮ ሲቀረጽ ያስመለክቱናል። ዝናብ በቀረ ዓመት ስንት ቤት እሳት ሳይጭር እንደሚያድር ለሚያውቅ ሰው ርሀብ የታሪክ ማሟሻ አይደለም። ጦርነቱ ሲያበቃ የተመለሱት ሰዎች አመዱን አርሰው ምግብ ይተክላሉ፤ ይህንን ደራሲዋ እግረ መንገዷን ጠቅሳው ታልፋለች። እኔ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ስለዚያ እፈልግ ነበር።

ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ብነግራት «እንግዲያው አራተኛውን ያንብቡ» አለች። ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ነው። በኋላ አምባገነን የሚሆነው ሰውዬ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሆኖ፣ የቀድሞ ሀብታም የዛሬ ድሃ፣ ጎመን ሲቀቅል ይጀምራል። ሽታው የድህነት ሽታ ነው፤ ድህነቱ እንዳይታወቅበት ይጨነቃል። ልቤ ራራ። ለባለቤቴ አነበብኩላት።

«ቅቤ አላደረገበትም?»

«ከየት አምጥቶ?»

«ታዲያ ቢሸት ይፈረድበታል? የቅቤን ነገር ካነሳህ ደግሞ ገበያው ሳይበተን...» ዘንቢሉን ይዛ ወጣች። እኔም ቻርጅ ፍለጋ ተነሳሁ፤ አምስተኛው እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል አሉ።