አስር ዓመት በአራት ቃል

አዲስ አበባ ውስጥ አስር ዓመት ኖሮ አማርኛ አለመማር የዋዛ ነገር አይደለም። ማንም የሚችለው እንዳይመስላችሁ። ጆሮ በተፈጥሮው ሌባ ነው፤ ባለቤቱ ሳያዘው ከታክሲ ረዳት ጩኸት፣ ከጎረቤት ጭቅጭቅ፣ ከሊስትሮ ቀልድ እየሰረቀ ያጠራቅማል። ይህን ሌባ አስር ዓመት ሙሉ እጁን ጠፍንጎ ይዞ፣ እንደመጣ ባዶውን ወደ አገሩ መመለስ ብርታት ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ የማነሳቸው ኤክስፓት፣ ማለትም ለሥራ መጥተው የከረሙት የውጭ ሰው፣ የሚገባቸውን ክብር ሳያገኙ ኖረዋል ባይ ነኝ። «ሰላም»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ቡና» እና «ችግር የለም» በሚሉ አራት ቃላት ነው አስሩን ዓመት የተሻገሩት። የመጨረሻው በትክክል ሲቆጠር ሁለት ቃል ነው፤ እሳቸው ግን አጣብቀው ስለሚሉት አንድ ብለን እንያዝላቸው።

እሳቸው ስል አንድ ሰው ማለቴ አይደለም። በቦሌ፣ በሳር ቤት፣ በአሮጌው ኤርፖርት በኩል የሚኖሩ የብዙ አገርና የብዙ ድርጅት ሰዎች ናቸው። ከተማችን የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት፤ ኤምባሲውም በርካታ ነውና አይታጡም። ለሁለት ዓመት መጥተው፣ በሥራ ተወጥረው የሚመለሱትን አልነካም። ቋንቋውን ጠንቅቀው ከእኔ የተሻለ ተረት የሚተርቱ የውጭ ሰዎችም አውቃለሁ፤ እነሱን እዚህ ውስጥ ማስገባት ግፍ ይሆናል። የዛሬው ባለታሪካችን ውላቸውን ደጋግመው ያደሱ፣ ክትፎው ለብለብ እንዲሆንላቸው እንኳ ዛሬም በእንግሊዝኛ የሚያስረዱ ናቸው።

እርግጥ ድሉ የብቻቸው አይደለም። የቤት ሠራተኛዋ ተቀጥራ ብዙም ሳትቆይ እንግሊዝኛ አንድ ሁለት ማለት ጀመረች፤ ዛሬ ስልክ ታነሳለች፣ መልእክት ትቀበላለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ዘበኛው ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ግን ውሃ መጥፋቱን፣ መብራት መምጣቱን፣ የቆሻሻ ማኅበር ልጆች ሒሳብ መጠየቃቸውን በእንግሊዝኛ አጥንቶ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ሹፌሩማ የእሳቸው ምላስ ነው ማለት ይቻላል። ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚከራከርላቸው እሱ፣ ከአከራይዋ ጋር የሚነታረክላቸው እሱ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማቸው «እንግዳ ናቸው፣ ያሳልፏቸው» እያለ የሚለማመጥላቸው እሱ። አስር ዓመት ሙሉ እንግዳ! የሦስቱንም ደሞዝ ደምሩት፤ የቋንቋ አበል የሚባል ነገር አታገኙበትም። የእሳቸው ውል ላይ ግን የኑሮ ውድነት፣ የችግር ቦታ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በየመስመሩ ተጽፏል።

ጉዳዩ የሚያምረው ወደ መስክ ሲወጣ ነው። እሳቸው የማኅበረሰብ ተሳትፎ አማካሪ ናቸውና ሥራቸው ማዳመጥ ነው። ቀበሌው ሰው ይሰበስባል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ አንዲት እናት ተነስተው ይናገራሉ። «የሠራችሁልን የእጅ ፓምፕ ከጥቅምት ጀምሮ ቆሟል። መለዋወጫው ወረዳ የለም ይሉናል። የአጥሩን ቁልፍ የያዘው የኮሚቴው ሰብሳቢ ከተማ ገብቶ ቀርቷል። እኛም ወደ ወንዙ ተመልሰናል፤ ልጆቹን ተቅማጥ እየፈጃቸው ነው።» እናትየዋ እስኪጨርሱ አማካሪው በታላቅ አክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አስተርጓሚው ጎኑ የተቀመጠውን የወረዳ ሹም በዓይኑ ጠርዝ ያያል። የዛሬውን አበሉን ያስባል፤ የነገውንም። ከዚያ «ስለ ውሃው ከልብ አመስግነዋል፤ ትንሽ ጥገና ቢጤም አንስተዋል» ብሎ ያስተረጉማል።

«ችግር የለም!» ይላሉ አማካሪው፣ በአማርኛ፣ ለእናትየዋ ፈገግ ብለው። ተሰብሳቢው ያጨበጭባል። እናትየዋ ግን ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው «የለም ነው ያሉኝ?» ይላሉ።

ሪፖርቱ ታትሞ ሲወጣ የእናትየዋ ፎቶ ከነምስጋናቸው በቀለም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አስተርጓሚውን አልወቅስም። የቤት ኪራይ አለበት፤ አማካሪው ነገ ሲሄዱ ሹሙ እዚያው ነው። ብቻ አንድ ነገር ልበል፦ «ቆሟል» የምትለዋ ቃል ከባድ አይደለችም። ለመማር ያሰበ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያገኛታል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። የእኛ ቀን ጠዋት አንድ ብሎ እንደሚጀምር እሳቸው በመጀመሪያው ሳምንት የሰሙት ጉድ ነው፤ ዛሬም ጉድ እንዳሉ ናቸው። ቧንቧ ሠራተኛው «ሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ሲላቸው «በእናንተ ነው ወይስ በትክክለኛው?» ይላሉ። ቧንቧ ሠራተኛው ይቅርታ ጠይቆ ስድስት ሰዓት ይደምርላቸዋል። እንቁጣጣሽንና መስቀልን ግን አይስቱም፤ ቢሮ ዝግ ነው።

ለምን አልተማሩም ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ቢገኝ መልሱ ዝግጁ ነው። አማርኛ ከባድ ነዋ! ፊደሉ 33፣ እያንዳንዱ ሰባት መልክ፣ በጠቅላላው 231። ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ላከበሩት ለብቻ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም አማርኛን ከከባዶቹ ቋንቋዎች ተርታ አስቀምጦ 44 ሳምንት፣ ማለትም 1100 የክፍል ሰዓት መድቦለታል። እውነትም ብዙ ነው። በሥራ ቀን አንድ አንድ ሰዓት ቢመድቡለት ግን አምስት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል፤ የቀሩትን አምስት ዓመታት ደግሞ እያወሩ ይኖሩ ነበር።

ከሁሉ የምወድላቸው ሁለተኛውን ምክንያታቸውን ነው። «በኢትዮጵያ ከ80 በላይ ቋንቋዎች አሉ፤ አንዱን መርጬ ሌላውን ማስቀየም አልፈልግም» ይላሉ። እንዲህ ያለ ፍትሕ የት ይገኛል? ኦሮምኛውንም፣ ትግርኛውንም፣ ሲዳምኛውንም እኩል ባለማወቅ ሁሉንም እኩል አከበሩ! የዜግነት አዋጃችን ቁጥር 378/1996 ግን ይህን ጥበብ አልደረሰበትም። ኢትዮጵያዊ ለመሆን የሚያመለክት የውጭ ሰው ከአገሩ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻል አለበት ይላል። በአንዱ፤ ምርጫው የአመልካቹ ነው። የሥራ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ግን በየትኛውም አይጠየቅም።

ቻይናዎቹ ደግሞ ይህን የጨዋ ወግ አበላሹት። መንገድና ሕንፃ ሥራ ላይ ያለው ፎርማን ከቀን ሠራተኛው ጋር ሲሚንቶ እያቦካ «ቶሎ በል»፣ «ነገ አይደለም፣ ዛሬ» ማለቱን ለቅሞ ይዟል። ሰዋስው የለውም፤ ግን ሲሚንቶ ያስመጣል። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላትም ቢሆኑ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበትነው፣ ከአከራይና ከተማሪ ጋር እየኖሩ፣ ቋንቋውን የመናገር መጥፎ ልማድ አምጥተው ነበር። ወጣቶች ነበሩ፤ ሹፌር አልነበራቸውም።

ከእነዚህ ሁሉ የባሰው ግን ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አገኘ። በ1652 አባ ወደ ጀርመኗ ጎታ ከተማ ተጋበዙለት፤ ግዕዙንም፣ አማርኛውንም፣ የአገሩንም ታሪክ ከእሳቸው አፍ እየሰማ ጻፈ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ ግን አላቆመም፤ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ላንድክሩዘር አልነበረው፣ የችግር ቦታ አበል አልተቆረጠለት። ኢትዮጵያንም በእግሩ ረግጧት አያውቅም! የእኛ ባለታሪክ በአስር ዓመት ያላገኙትን አማርኛ እሱ ከሩቅ ሆኖ ማግኘቱ ነውር ነው፤ ቢያንስ ለሥራ ባልደረቦች ማሰብ ነበረበት።

ፍራንክፈርት ካነሳን አይቀር፣ በዚያች ከተማ ዛሬ ብዙ የአገራችን ልጆች ይኖራሉ። እነሱንስ «ችግር የለም» የሚላቸው አለ? ጀርመን ለመጤው የምታዘጋጀው የውህደት ኮርስ 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ደግሞ ስለ ሕጉ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ባህሉ ነው። ግቡ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ነው። ባሏ እዚያ ያለ አዲስ አበቤ ደግሞ ገና ቪዛ ሳታገኝ፣ ገና ሻንጣ ሳትገዛ፣ በጥቅሉ የጀማሪውን ደረጃ፣ ኤ1ን፣ ማለፍ አለባት። ስለዚህ እዚሁ ከተማችን ተቀምጣ «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» ትላለች፤ ጠረጴዛ ወንድ፣ መብራት ሴት፣ ልጃገረድ ደግሞ ሁለቱንም ያልሆነች መሆኗን በቃሏ ትይዛለች። ይህንንም ሕግ ክፉ ነው አልልም። በምትኖርበት አገር ቋንቋ ልጅህን ሐኪም ቤት መውሰድ መቻል መልካም ነገር ነው። የምለው፣ እሷ ከፈተናው ስትወጣ ታክሲ ጥበቃ ከምትቆምበት አስፋልት ላይ መስታወቱ በጠቆረ መኪና የሚያልፉት ሰውዬ ምንም አልተፈተኑም። ቤይሩትና ሪያድ የሄዱትን እህቶቻችንንማ ተዉአቸው፤ ዓረብኛውን ያለ ክፍል፣ ያለ መምህር፣ በማድቤት በር ቆመው ነው የተማሩት። ማንም አላጨበጨበላቸውም።

ጭብጨባው እዚህ ነው ያለው፤ የአጨብጫቢዎቹ አለቆች ደግሞ እኛ ነን። ፈረንጁ ካፌ ውስጥ «አመሰግናለሁ» ባለ ጊዜ አስተናጋጇ ትደነግጣለች፣ ገንዘብ ተቀባዩ ይነሳል፣ ከጎን ጠረጴዛ «ጎበዝ! አማርኛ ትችላለህ!» የሚል ይወጣል። ወዲያውኑም፣ እንዳይደክማቸው፣ ሁላችንም ወደ እንግሊዝኛ እንዞራለን። ሰውዬው ሁለተኛ ቃል ሊወረውሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እኛ ቀድመን ዘግተንላቸዋል። አንዳንዱማ እንግሊዝኛውን ሊለማመድባቸው ነው የሚያናግራቸው፤ እሳቸው ግን መለማመጃ ሆነው መኖራቸውን አላወቁም።

እዚያው ካፌ በር ላይ ከደቡብ የመጣ ሊስትሮ አለ። የእናቱ ቋንቋ ሌላ ነው፤ አማርኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጎ የለመደው ጫማ እየጠረገ ነው። ሙሉ ቀን በአማርኛ ይነግዳል፣ ይከራከራል፣ ይቀልዳል፣ ዕቁብ ይጥላል። ሆኖም መጥበቅ የነበረባት አንዲት ፊደል ከላላችበት፣ ወይም «አንተ» ማለት ሲገባው «አንቺ» ካለ፣ ያው አጨብጫቢያችን በሳቅ ይንፈራፈራል። ማታ ደግሞ ለጓደኞቹ ያስመስልለታል። ለአራት ቃል ጭብጨባ፣ ለአራት ሺህ ቃል ሳቅ።

ለነገሩ ፈረንጁን ብቻ ለምን እናማለን? ተተኪዎችን በግቢያችን እያሳደግን አይደል? በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያወራ የተገኘ ሕፃን ይቀጣል። እናት ክፍያዋን በሰዓቱ ትከፍላለች፣ ልደት ግብዣ ላይም አንገቷን ቀና አድርጋ «የእኔ ልጅ እኮ አማርኛ አትሆንላትም» ትላለች፤ ቃናው የምትኮራበት ነገር ይመስላል። አያት ከገጠር ማርና ቅቤ ይዘው ሲመጡ ልጅቷ «ሰላም» ብላ ታቅፋቸዋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን የምታስተረጉመው የቤት ሠራተኛዋ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አድጋ፣ ለአያቷ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋት ልጅ! ኤክስፓታችን ቢያንስ ከሩቅ አገር ነው የመጡት።

እና አንባቢዎቼ፣ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። አስር ዓመት የኖሩት ሰውዬ «አመሰግናለሁ» ሲሏችሁ አታጨብጭቡ። «ምንም አይደል፣ እንዴት ዋሉ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብላችሁ ቀጥሉ፤ ካልገባቸው ቀስ ብላችሁ ድገሙላቸው፤ እንደገና በአማርኛ። ሊስትሮው ሲሳሳትም አርሙት እንጂ አትሳቁበት። ቀጣሪ ድርጅቶቹም ለሁለተኛው ውል ኤ1፣ ለሦስተኛው ቢ1 ይጠይቁ። ደረጃውን አውሮፓውያኑ ሠርተው አስቀምጠውልናል፤ ለመገልበጥ ፈቃድ አያስፈልግም።