የጀልባ አልጋ ሊቅ

ሰው ባለሸራ ጀልባ ሲያይ ምሰሶውን፣ ሸራውንና መሪውን ያያል። እኔ የማየው ፍራሹን ነው። ጀልባ የለኝም፤ መግዣውም የለኝም፤ ዋና አልችልም። ይህ ሁሉ ግን የየትኛው ጀልባ አልጋ ይሻላል ብዬ ከመከራከር አግዶኝ አያውቅም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው የእኔ ዓይነቱ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚሁ አቅራቢያ አናፖሊስ ውስጥ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየኦክቶበሩ ትልቅ የባለሸራ ጀልባዎች ትርኢት ይካሄዳል። ጀልባዎቹ ላይ የሚወጣው ጫማ ተወልቆ ስለሆነ ለዚያ ቀን ያልተቀደደ ካልሲ አስቀምጣለሁ። ሌላው ጎብኚ ስለ ሞተሩ ሲጠይቅ እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ በቀጥታ ወደ መኝታው እወርድና ጋደም እላለሁ። ሻጩ ከላይ ሆኖ ስለ ሸራው ስፋት ያስረዳል፤ እኔ ከታች ዓይኔን ጨፍኜ «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» እላለሁ።

እውቀቴን ግን አትናቁብኝ። ከፊት ያለው አልጋ ከጀልባው ጫፍ ጋር እየጠበበ ስለሚሄድ ለትከሻ ቢበቃም ከግርጌው የሁለት ሰው አራት እግር ቦታ ሲሻማ ያድራል። ከኋላ፣ ከመሪው መቀመጫ ሥር የተሸጎጠው ክፍል ሰፊ ነው፤ ደንግጦ ብድግ ላለ ሰው ግን ጣሪያው ግንባሩን ይጠብቀዋል። የምግብ ጠረጴዛው ዝቅ ተደርጎ አልጋ የሚሆንበትም ጀልባ አለ፤ እዚያ ቀርፋፋ በላተኛ ካለ የሚተኛ የለም። 12 ሜትር ገደማ የሆነ ባለሁለት ቀፎ ካታማራን አራት የጥንድ መኝታ ክፍሎች ሊይዝ ይችላል፤ በዚያው ርዝመት ባለአንድ ቀፎው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነው። ለኪራይ የሚሠራው ክፍል ያበዛል፤ ለባለቤቱ የሚሠራው አንዱን ቀፎ እንዳለ ለጌታው ይለቃል። እኔ በሐሳቤ ሁልጊዜ ጌታው ነኝ።

ባሕረኞች የሚሉትንም አውቃለሁ። በሁለቱም ጎን የሚወረድበት ሰፊ አልጋ ወደብ ላይ እንጂ ባሕር ላይ አይረባም፤ ጀልባዋ ስታጋድል ተኝቶ የነበረው ወለል ላይ ይገኛል። ጉዞ ላይ የሚተኛው ጀልባዋ ወገብ ላይ፣ ንቅናቄው በሚቀልበት፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ ነው፤ እንዳይወድቁም በጎን ጨርቅ ይወጠራል። ባሕረኛው ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን በ1968 እና 69 (እ.ኤ.አ.) 10 ሜትር በማትሞላው ጀልባው በሱሃይሊ ብቻውን፣ የትም ሳይቆም፣ ዓለምን በ312 ቀን ዞሯል። ስለ ፍራሹ ምቾት ሲጨነቅ አልታየኝም።

ይህን እያወቅሁ ልቤ የሚሄደው ወደ ሰፊው አልጋ ነው። ምክንያቱም እኔ የምመኘው ጀልባ ከወደቡ ንቅንቅ የማይል ነው። ባለቤቴ ነገሩ ገብቷታል፤ «አንተ እኮ ሰፊ አልጋ እያለህ ሶፋ ላይ የምታድር ሰው ነህ» ትለኛለች። ልክ ናት፤ ሶፋው ቤታችን መሀል ያለ ጠባብ አግዳሚ ነው፤ የቀረው ጨርቁ ብቻ ነው።

እናም ወገኖቼ፣ ጀልባ ልትገዙ ካሰባችሁ ስለ አልጋው እኔን ጠይቁኝ። ስለ ባሕሩ ግን ባሕር የገባ ሰው ፈልጉ።