የመቱ ስኒና የዓለም ገበያ

የዓለም ንግድ ቢቀዘቅዝ ይበጃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ በምዕራብ ኢትዮጵያዋ ጎሬ ከተማ ላይ አንዴ ተሞክሯል። በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው፣ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ የጎሬ ቡና በቡሬ ቁልቁል ወርዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። የያኔው ዓለም አቀፍ ገበያ በዝናብ ይከፈት፣ በበጋ ይዘጋ ነበር። ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነትም በኋላ ከጎሬ ወደ መቱ ተሻገረ።

መቱ ዛሬ ምርጡን ቡና ወደ ውጭ ትሸኛለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካዋን የምትቀዳው ለኤክስፖርት ካልበቃው ነው። ንግዱ ቢሞት ምርጡ ለእሷ ይቀራል፣ የስኳር መግዣው ግን ይጠፋል። እርግጥ ቡና በጨውም ይጠጣል፤ ጨው ጫኙ መኪና የሚሄደው ግን በውጭ ናፍጣ ነው።